ቮልዩሙን ቀንሻለሁ፤ ጎረቤቴ ግን አሁንም ግድግዳ ይደበድባሉ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አፓርትመንት ውስጥ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ማታ ማታ ፊልም ማየት እንወዳለን። ከጥቂት ወራት በፊት ሳብዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ያለው ሆም ቴአትር ገዛን። ከዚያ ወዲህ በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ሰላም ነሱን። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ድሮ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ልጆቼን ስማቸውን ጠርተው ሰላም ሳይሉ አያልፉም ነበር። መጀመሪያ ግድግዳውን በቡጢ መቱ። ቀጥሎ በራችን ላይ የቁጣ ወረቀት ለጠፉ። አሁን ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ራዲዮናቸውን ግድግዳው ሥር አስጠግተው ይለቁብናል። እኔ ግን ድምፁን ብዙ አልከፍትም። ተጠራጥሬ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኜ ኮሪደሩ ላይ ለካሁ፤ 40 ዴሲቤል እንኳ አልሞላም። ሳብዎፈሩን ከፍ ያደረግሁትም ሶፋችን ላይ ሆኖ ጨርሶ ስለማይሰማ ነው። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ እንለጥፍ ትላለች። እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ እየተሳቀቅሁ ፊልም የማይበት ምክንያት አይታየኝም። ሰውዬው ናቸው የሚያጋንኑት ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ግራ የገባኝ አባወራ»

መልስ፦ ውድ አባወራ፣

እርስዎም አልዋሹም፣ ጎረቤትዎም አላጋነኑም። እርስዎ ሶፋዎ ላይ ተቀምጠው የሚሰሙትና እሳቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው የሚሰሙት አንድ ድምፅ አይደለም። ይህን ያወቅሁት ስለ ቮልዩሙ ከጻፉት አይደለም፤ በመሐል ጣል ካደረጓት አንዲት ነገር ነው። ሳብዎፈሩን የጨመሩት ሶፋው ላይ ስለማይሰማ ነው ብለዋል። ጣጣው ያለው እዚያው ነው።

ግድግዳ ሁሉንም ድምፅ እኩል አያግድም። ንግግር፣ የሴት ዘፈን፣ የመኪና ጥሩምባ ግድግዳው ላይ ሲደርስ አብዛኛው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቤዝ፣ ማለትም ያ ወፍራም ጉርምርምታ፣ ግን እንዲያ አይደለም። በጥቅሉ፣ የድምፁ ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ግድግዳው ከማገድ አቅሙ ወደ 6 ዴሲቤል ያጣል። የሰው ድምፅ ከሚገኝበት 640 ኸርዝ አካባቢ ተነስተን ሳብዎፈርዎ ወደሚያጓራበት 40 ኸርዝ ስንወርድ አራት ጊዜ በግማሽ ቀነስን ማለት ነው፤ ወደ 24 ዴሲቤል የሚጠጋ መከላከያ ተነነ። ለጆሮ የ10 ዴሲቤል ልዩነት ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ስለሚሰማ፣ 24 ቀላል ቁጥር አይደለም። ጎረቤትዎ ጋ የሚደርሰው ፊልም እንግዲህ ንግግር የለው፣ ሙዚቃ የለው፣ ታሪኩ አይታወቅ። ዱም ይላል። ዝም ይላል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንደገና ዱም ይላል።

እርስዎ ጋ ለምን አይሰማም? የ40 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሳሎንዎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ሜትር ከሩብ አካባቢ ከሆነ የሞገዱ ግማሽ ልክክ ብሎ ይገጥምበታል። ያን ጊዜ ድምፁ ግድግዳዎቹ ጋ ያይላል፣ ክፍሉ መሐል ላይ ደግሞ ይጠፋል። የሳሎንዎ ስፋት ሌላ ቢሆንም የሚለወጠው የትኛው ቤዝ የት ይጠፋል የሚለው ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ይክፈቱና ከሶፋው ተነስተው በዝግታ ወደ ግድግዳው ይራመዱ። ሶፋው ላይ ያልነበረ ጉርምርምታ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ደረትዎ ውስጥ ይሰማዎታል። እንግዲህ ሶፋው መሐል ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ እርስዎ የጠፋብዎትን ቤዝ ፍለጋ ቁልፉን ሲያዞሩ የሚጨምሩት ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ነው። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ፣ እንደ አብዛኛው መኝታ ቤት ከሆነ፣ የአልጋ ራስጌ አለ።

ሌላም ነገር ያባብሰዋል። ድምፅ ስንቀንስ ጆሯችን አስቀድሞ የሚያጣው ቤዙን ነው፤ ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ማታ «ለጎረቤት ብዬ» ቮልዩሙን የቀነሰ ሰው ፊልሙ ስልል ሲልበት ሳብዎፈሩን ብቻ ነጥሎ ከፍ ያደርጋል። በቅን ልቦና የሚሠራ ጥፋት ማለት ይኸው ነው።

ስለ ስልክዎ መለኪያ ላስከፋዎት ነው። አብዛኞቹ አፖች ድምፁን የሚለኩት በሰው ጆሮ ስሜት አስተካክለው ነው፤ ይህ ማስተካከያ 50 ኸርዝ ላይ ካለው ድምፅ ወደ 30 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ያሳያል። የሚያስቸግረው ድምፅ ከሞላ ጎደል ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። በዚያ ላይ የለኩት ኮሪደር ላይ ነው፤ ኮሪደር ላይ የሚተኛ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ የሌሊቱ አማካይ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገተኛው ደግሞ ከ45 እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ጫጫታው ቤዝ የሚበዛበት ከሆነም ከዚያ በታች መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ያቺን «40 አልሞላም» የምትል ቁጥር ጎረቤትዎ ፊት አያውጧት። ክርክሩን ቢያሸንፉ እንኳ ሰውየው እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ከጎረቤትዎ መኝታ ቤት ገብተው በራስዎ ጆሮ ካልሰሙ በቀር አንድም ቁልፍ አይንኩ፣ አንድም ዕቃ አይግዙ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልላል። ምንጣፍ ይገዛል፣ ስፒከር ያዞራል፣ የሚቻለውን ሁሉ ያደርግና ማዶ ያለው ሰው ምንም ለውጥ ሳይሰማው ይቀራል። ከዚያ ሁለቱም ተበደልኩ ይላሉ፤ አንዱ «ይህን ሁሉ አድርጌለት» ሲል ሌላው «ንቆኝ ነው» ይላል።

ግድግዳው በተመታበት ማታ አይሂዱ። በማግስቱ ቀን፣ ብቻዎን፣ ስልክዎን ኪስዎ ከተው በራቸውን ያንኳኩ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ጋሼ፣ በድምፁ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እኛ ጋ እምብዛም አይሰማም፤ እርስዎ ጋ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። ቢፈቅዱልኝ አንድ ቀን ማታ መጥቼ ከእርስዎ ጋር ልስማው።» ይኸው ነው። «ቀንሼዋለሁ እኮ» አይበሉ፤ ለእሳቸው አልቀነሰማ። «ሌላ ጎረቤት አላማረረም» ማለት ደግሞ ሽማግሌውን ነገረኛ ብሎ መስደብ ነው። ወረቀቱንም ራዲዮውንም አያንሱ። መጀመሪያ ቢቆጡ ይቆጡ፤ ወራት የታመቀ ነገር ነውና ይተንፍስ። ቁጣውን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው መኝታ ቤት ይገባል፤ መሐል ላይ ያቋረጠ ግን ደጅ ላይ ይቀራል።

ከፈቀዱልዎት፣ ፊልም በምታዩበት ሰዓት ይሁን። ቀን የመንገዱ ጫጫታ ስለሚሸፍነው ምንም አይሰማም፣ እሳቸውም ያፍራሉ። ትልቁን ልጅዎን ሪሞት አስይዘው ሳሎን ይተዉት፤ ፍንዳታ ወይም ነጎድጓድ ያለበት ትዕይንት ይምረጥ። እርስዎ ስልኩን ክፍት አድርገው ከጋሼ ጋር ራስጌያቸው አጠገብ ይቁሙ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይከፈት፣ ምንም ሳይቀነስ። እዚህ ላይ እንዳያጭበረብሩ፤ ዝቅ አድርገው ቢያሰሟቸው በሚቀጥለው ማታ ይታወቅብዎታል። ግድግዳውን በመዳፍዎ ይንኩት። አንዳንዴ የሚያስጨንቀው ድምፅ ከእርስዎ ቤት የመጣው ዱምዱምታ እንኳ ላይሆን ይችላል፤ በእሱ ምክንያት የሚንቀጠቀጥ የእሳቸው ቁምሳጥን በር ወይም መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ብርጭቆውን ሁለት ጣት በማራቅ ያልቃል፤ ቆሞ ያልሰማ ሰው ግን መቼም አያገኘውም።

ከዚያ ልጅዎ ዋናውን ቮልዩም ሳይነካ ሳብዎፈሩን ብቻ ደረጃ በደረጃ ይቀንስ። «አሁን?» «አይ።» «አሁንስ?» የሚወስኑት ጋሼ ናቸው። ምንም እንዳይሰማ አይደለም የሚፈለገው፤ አፓርትመንት ውስጥ ያ አይገኝም፣ ቃልም አይግቡ። «ይህ አያስተኛኝም አይባልም» የሚሉበት ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ይያዙ። ከዚያ ዋናውን ቮልዩም በተመሳሳይ መንገድ። ሁለቱን ቁጥሮች ቁራጭ ፕላስተር ላይ ጽፈው ሪሞቱ ጀርባ ላይ ይለጥፉ። ከዚያ ማታ ጀምሮ «ብዙ አልከፈትኩም» የሚባል ነገር ቀረ፤ ቁጥር አለ።

ሳብዎፈሩ ጠፍቶም ድምፁ የሚሰማ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ቴሌቪዥኑ ወይም ስፒከሮቹ በጋራ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ግድግዳው ራሱ ስፒከር ሆኗል፣ ነቅሎ ወደ ሌላው ግድግዳ ማዛወር ነው።

ለቤትዎ ደግሞ ይህን ያድርጉ፤ ብዙ አይደለም። ሳብዎፈሩ አሁን ጥግ ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ሁሉም ሰው ጥግ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ቦታ ስለማይዝ። ጥግ ቤዝን ያጎላል። ከጋራ ግድግዳው አርቀው ከሶፋው ጀርባ፣ በክንድ ርቀት ያህል ያስቀምጡት። ለእርስዎ ቅርብ ስለሆነ በጣም ቀንሰውም ይሰሙታል፤ ለጎረቤትዎ ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሶፋውንም ከክፍሉ መሐል ትንሽ ወደ ኋላ ቢገፉት የጠፋብዎትን ቤዝ ያለ ተጨማሪ ድምፅ ያገኙታል። ይህን ሁሉ ከጋሼ ጋር ከምትሰሙበት ማታ በፊት ሳይሆን በኋላ ያድርጉት፤ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና አብራችሁ አስተካክሉት። ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው ይቀላል።

ቀጥሎ የመሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ናይት ሞድ» የሚለውን ይፈልጉ። ሥራው ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅተኛውን ከፍ ማድረግ ነው። የዛሬ ፊልሞች ገጸ ባሕርያቱን በሹክሹክታ ያናግሩና ሕንፃ ሲያፈርሱ ጆሮ ያደነቁራሉ፤ ተመልካቹ ንግግሩን ለመስማት ከፍ አድርጎ ፍንዳታው ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ ትራስ ያገላብጣል። ናይት ሞድ ይህን ያስታግሳል። የንግግር ድምፅን ለብቻው የሚያጎላ ምርጫም ካለ ያብሩት፤ በመሐለኛው ስፒከር በኩል የሚመጣውን ከፍ ያደርጋል፣ ንግግር ደግሞ ግድግዳ ለማለፍ ደካማ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስዎና ባለቤትዎ ብቻችሁን የምታዩ ከሆነ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ከሁሉም ይበልጣል። ብሉቱዝ ከሆነ ግን ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ኋላ ሊቀር ስለሚችል ሳይሞክሩ አይግዙ።

ሳብዎፈሩ ሥር የሚደረግ ጎማ ወይም ስፖንጅ በወለሉ በኩል የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በተለይ ከታች ፎቅ ለሚኖሩት። በአየር የሚሄደውን ቤዝ ግን አያስቆመውም። ሻጩ ሌላ ቢልዎት አይመኑት።

የባለቤትዎ ሐሳብ ከቅንነት የመነጨ ነው፣ ግን ገንዘባችሁን ትቆጥብ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ይመጥጣል፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማችኋል። ወደ ማዶ የሚያልፈውን ቤዝ ግን በወንፊት ውኃ እንደ መያዝ ነው። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉም አሉ፤ እሱ እንኳ ለቤቱ ውበት ሲባል ይቅር። ቤዝ የሚያግደው ክብደትና ክፍተት ነው፦ ከነባሩ ግድግዳ ጋር ሳይነካካ የሚቆም ሁለተኛ ከባድ ግድግዳ፣ በመሐሉ አየርና የሚመጥጥ ጥጥ መሰል ነገር። ግንበኛ ይጠይቃል፣ ከክፍሉ ላይ ቦታ ይበላል፣ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ አከራዩ አይፈቅድም። ሳብዎፈር ማንቀሳቀስ ነፃ ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ እኔ ከሁሉም የምመዝነው እሱን ነው። ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰዎችን ድንገት እየጮኸ በሚያቋርጥ ጫጫታ ውስጥ ሥራ አሠሯቸው። ለአንዳንዶቹ ጫጫታውን ማስቆሚያ ቁልፍ ሰጧቸው፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን አሏቸው። ሰዎቹም አልተጫኑትም። ሁሉም የሰማው ጫጫታ አንድ ዓይነት ነበር። ሆኖም በኋላ በተሰጣቸው ሥራ ቁልፉ የነበራቸው የበለጠ ታገሡ፣ ስህተታቸውም አነሰ። ሰውን የሚያደክመው ጫጫታው ብቻ ሳይሆን በጫጫታው ላይ ምንም ማድረግ አለመቻሉም ነው።

ለጎረቤትዎ ያንን ቁልፍ ይስጧቸው። ስልክ ቁጥርዎን ጽፈው ያቀብሏቸውና «ጋሼ፣ ሲያስቸግርዎት ግድግዳ አይምቱ፣ ይደውሉልኝ፤ ወዲያው እቀንሳለሁ» ይበሏቸው። ከደወሉ ፊልሙ የትም ይድረስ፣ ምንም ሳይጠይቁ ይቀንሱ። «እስኪ ይቺን ብቻ እንጨርስ» አይባልም። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ የሚያደርጉት ነገር የቀረውን ሁሉ ይወስናል። ሰዓትም ይቁረጡ። እሳቸው የሚተኙበትን ሰዓት ጠይቀው ከዚያ በኋላ ሳብዎፈሩ ይጥፋ። በወር አንድ ማታ ዘመድ ተሰብስቦ ረዘም ያለ ነገር የምታዩ ከሆነ በዋዜማው ይንገሯቸው፤ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። ቀድሞ የታወቀ ድምፅ ሰውን ያን ያህል አያበሳጭም።

«በገዛ ቤቴ» ያሉት አልጠፋኝም። ልክ ነዎት፣ ቤትዎ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ፊልም ማየት ያቁሙ የሚል የለም። ያንኑ ፊልም፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቤተሰብ ጋር ያያሉ። የሚያጡት ሶፋዎ ላይ ሆነው ድሮም ያልሰሙትን ቤዝ ነው። መብት የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር ያቆዩት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከወጣ ጋሼም የራሳቸው አላቸውና እንካ ስላንትያው መቼም አያልቅም።

በራቸውን ባይከፍቱልዎትስ? ይከሰታል። ያን ጊዜ በአጭሩ ጽፈው ከበራቸው ሥር ያስገቡ፦ ይቅርታ፣ የስልክ ቁጥርዎ፣ ሳብዎፈሩን ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚያጠፉ። ከዚያ የጻፉትን ሳያጓድሉ ይፈጽሙ። ለብዙ ጊዜ ካልተለወጠ ሁለታችሁም የምታከብሩት የሕንፃው ነዋሪ ይግባ፤ ዳኛ ሆኖ ሳይሆን ያን የመኝታ ቤት ሙከራ አብሮ የሚሰማ ሦስተኛ ጆሮ ሆኖ። የሕንፃ አስተዳደርና ፖሊስ የመጨረሻዎቹ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ድምፁ የሚወጣው ከእርስዎ ቤት መሆኑን አይርሱ፤ ከሳሽ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው።

የማለዳው ራዲዮ ይቆየን። እርስዎ ዛሬ ቢያነሱት «ዓይንህን ላፈር» ይባላሉ፣ እውነትም ነው። ፕላስተሩ ሪሞቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ራዲዮው በራሱ ጊዜ ከግድግዳው ይርቃል፤ ካልራቀ ግን ያን ጊዜ እርስዎም የሚያሳዩት ቁጥር ስላለዎት፣ በተራዎ ጋሼን ጠርተው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ያሰሟቸው።